በር የያዙ አባት

የአቶ ወንድይፍራው ልጅ ትንግርት የተዳረችው በሐምሌ ነው። ድሮ ቢሆን በዚያ ክረምት ልጁን የሚድር ሰው «ምን አስቸኮለው?» ተብሎ ይታማ ነበር። አሁን ግን ድንኳን መትከል ቀርቷል፤ ጭቃ የሚረግጥ ሰርገኛም የለምና ጥርም ሐምሌም አንድ ሆነዋል። ሰርግ የሚበላው በየሰው ሳሎን ነው። አንድ ሺህ ሰው ከተጠራ አንድ ሺህ ሳሎን ውስጥ እያንዳንዱ ለብቻው አጊጦ፣ የተላከለትን የድግስ ሳጥን ለብቻው ከፍቶ፣ ለብቻው አጨብጭቦ ያመሻል። ሰውን በአካል «ና» ብሎ መጥራት እንደ ድፍረት መቆጠር ከጀመረ ቆይቷል። «ሰው አላስቸግርም» የሚለው የዘመኑ ጨዋነት ነው፤ ይህን ያህል ጨዋ ሕዝብ ከተማዋ አይታ አታውቅም።

አቶ ወንድይፍራው የካ አባዶ ካሉት የጋራ ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሚስታቸው ዘነበች ስትሞት ትንግርት ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበርና ፀጉሯን ከመሥራት ጀምሮ ለወግ እስክትበቃ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን ልጅቷ የምትኖረው ለቡ ነው፤ በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። በየማለዳው ትመጣለች። ማለትም ምስሏ ይመጣል፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና «አባዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸውም ሲነሡ ምስሏን አቋርጠው ላለመሄድ ጠረጴዛውን ዞረው ያልፋሉ፤ በሰው ምስል መሀል ማለፍ «መቁረጥ» ይባላል፣ ነውር ነው። በአካል የመጣችበትን የመጨረሻ ቀን ለማስታወስ ሲሞክሩ ትዝ የሚላቸው የለበሰችው ሹራብ ብቻ ነው። ብርቱካናማ ነበር፤ ዝናብ መትቷት ገብታ እጅጌው ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ያን ቀን ወለሉን ቶሎ በመወልወላቸው ዛሬ ድረስ ይቆጫቸዋል።

ከሰርጉ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጃቸው መጥታ ጉልበታቸውን እንድትስም፣ እሳቸውም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው እንዲመርቋት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የላቸውም። ሰርጉ ሲቃረብ አንድ ማለዳ ፈራ ተባ እያሉ አነሡት።

«ለጉልበቱ ብቻ እንኳ ብትመጪስ፣ ልጄ?»

«አባዬ፣ ወደ አንተ ብቻ ለይቼ ብመጣ የኖላዊ ወላጆች ምን ይላሉ? እነሱ ጅማ ናቸው፤ እነሱም ይቅርብን ብለዋል» አለች ትንግርት። ኖላዊ የሚያገባት ልጅ ነው። «ደግሞ ቀበቶ ይልኩልሃል። ጉልበትህ ላይ ታስረዋለህ፤ ስስምህ ይሞቃል። ልክ እንደ እውነተኛው ነው ይላሉ።»

«ይሁና» አሉ አቶ ወንድይፍራው። አባት «ይሁና» ሲል አንጀቱ ምን እንደሚል ምስል አያስተላልፍም።

የሰርጉ ዕለት የድግስ ሳጥኑ በማለዳ በድሮን መስኮት ላይ ደረሰ። ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ አንድ ብርሌ ጠጅ፣ ጥቁሩም ቀበቶ አብሮ አለ። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ቀበቶውን ከሱሪያቸው በታች ጉልበታቸው ላይ ጠቀለሉት። ሙሽሮቹ የመረጡት ጭብጥ «ሐይቅ ዳር» የሚባለውን ነበርና ሰዓቱ ሲደርስ ሳሎናቸው ሐይቅ ሆነ። ቁምሳጥኑ በሸምበቆ ተሸፈነ፤ ቴሌቪዥኑ በነበረበት በኩል ጀልባ ታየ፤ ፀሐይም ወጣች። በመስኮቱ በኩል ያለው የሐምሌ ዝናብ ብቻ አልቆመም። ሰርጉን የሚያሰናዳው «ሺህ እልፍኝ» የሚባለው ድርጅት መስኮት አይነካም።

ከጭብጡ ጋር ሙሽሮቹ ሌላም ነገር መርጠው ነበር፤ «የጥንት ደጃፍ» ይባላል። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር የሙሽሪት አባት ደጅ ላይ በምስል ይመጣል፣ አባት «ግቡ» ይላል፣ ይገባሉ። አለቀ። ድሮ በዚያ ደጃፍ ላይ የሚሆነውን ጭቅጭቅ ድርጅቱ ቆርጦ አውጥቶታል፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ለወጣቶቹም አይገባቸውም ተብሎ ነው።

አቶ ወንድይፍራው ግን ያን ጭቅጭቅ በራሳቸው ላይ አይተውታል። ዘነበችን ሊወስዱ ፍቼ የሄዱ ዕለት የሠፈሩ ልጃገረድ ሁሉ በሩ ላይ ተደርድሮ አላሳልፍ አላቸው። ታናሽ እህቷ የበሩን ምሰሶ እቅፍ አድርጋ አልላቀቅ አለች። ሚዜዎቹ ሽቶ ረጩ፣ ለመኑ፣ ገፉ፣ ተገፉ፤ የእሳቸው አዲስ ሱፍ ብብቱ ላይ ተተረተረ። በኋላ ብስጭታቸውን ለዘነበች ሲነግሯት ሳቀችባቸው። «እኔ እኮ ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ 'ጥቂት ይያዙልኝ' እያልኩ ነበር» አለቻቸው። «በሯ ያልተያዘላት ሙሽራ የተጣለች ትመስላለች። የሚሳሳልኝ ሰው እንዳለ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።»

ይህን እያሰቡ ሳለ አንዲት ለስላሳ የሴት ድምፅ ከጣሪያው ተናገረች። የድርጅቱ አስተናጋጅ ናት፤ ሰው አይደለችም።

«ሙሽራው ደጅ ደርሷል። ይግባ?»

በበሩ መስኮት ሲያዩ ኖላዊና አራት ሚዜዎቹ ነጫጭ ለብሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። አንዳቸውም እዚያ የሉም፤ ኖላዊ ራሱ ጀሞ ቤቱ ውስጥ ነው ያለው። ቢሆንም ደጅ ደጅ ነው። አቶ ወንድይፍራው ተነሡ፤ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ፤ ሁለት እጃቸውን በመቃኖቹ ላይ ዘረጉና ከዓመታት ወዲህ ባልተጠቀሙበት ድምፅ ጮኹ።

«አትገቡም! ልጃችንን አንሰጥም! ዞር በሉ ከደጃችን!»

ፈገግ ብለው መልሱን ጠበቁ። የሙሽራው ወገን እንዲለምን፣ እንዲያሞግስ፣ እንዲገፋ ነበር የጠበቁት። በበሩ መስኮት ዘወር ብለው ሲያዩ ኖላዊ አፉን በትንሹ ከፍቶ ቆሟል። ወዲያው ከኮሪደሩ «እልልልል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ምስል አልነበረም፤ ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ በራቸውን ከፍተው ነው።

«ጎሽ! አጥብቀው ይያዙ! በነፃ ሊወስዷት ነው እንዴ!» አሉ ወይዘሮ አምሳለ፣ የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ እያጨበጨቡ።

ከዚያ ሚዜዎቹ ጠፉ። ሙሽራውም ጠፋ። ሳሎኑ ውስጥ ሐይቁ ደረቀና ቁምሳጥኑ ተመልሶ ቁምሳጥን ሆነ።

«የቤተሰብ እምቢታ ተመዝግቧል» አለች አስተናጋጇ። «ሥነ ሥርዓቱ ለታዳሚዎች በሙሉ ቆሟል።»

«ኧረ ቀልድ ነው! ወግ ነው እኮ!»

«ቀልድ የሚል ምርጫ የለንም። ማንም በሐሰተኛ ምስል እንዳያነሣው፣ እምቢታ የሚነሣው ሙሽሪትና አባት በአካል በአንድ ደጃፍ ሲገናኙ ብቻ ነው። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ትንግርት ወዲያው መጣች። ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ምስሏ ፀጉሩን ተሠርቷል፣ ፊቱን ተኳኩሏል፤ ቬሎው ግን የለም። ቬሎው የብርሃን ስለነበር ሥነ ሥርዓቱ ሲቆም አብሮ ጠፍቷል። ሙሽሪት በቢጃማና በላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበረች።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው? ኖላዊ አልቅሷል፤ ጠልቶኛል እያለ ነው። ካልወደድከው ቀደም ብለህ አትነግረኝም?»

«ኧረ እወደዋለሁ! ወግ ነው ልጄ፤ በር ይያዛል፣ እናትሽን ስወስድ…»

«ሺህ ሰው አፍጥጦ እየጠበቀኝ ነው!»

«ይጠብቅ። በየቤቱ ነው ያለው፣ ፀሐይ አይመታው።»

አልሳቀችም። አቶ ወንድይፍራው ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«በአካል ካልሆነ አይነሣም አሉ። ነያ፣ ትንግርቴ። ነይና ክፈቺው።»

ልጅቷ ትኩር ብላ አየቻቸው። «ይህን ፈልገህ ነው ያደረግከው?»

«በእናትሽ አፅም፣ አላሰብኩትም» አሉ። ከዚያ መዋሸት አልሆንላቸው አለ። «ከሆነ በኋላ ግን ደስ አለኝ።»

«ቆይ» አለች፤ ምስሏም ጠፋ።

«ቆይ» ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ አቶ ወንድይፍራው ወንበር ስበው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እመጣለሁ ማለቷ ነው? ወይስ ቆይ አሳይሃለሁ? ወይዘሮ አምሳለ ሳይጠሩ ገብተው ሌላውን ወንበር ያዙ። ስንት ዓመት በአንድ ኮሪደር ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ቤት ከውስጥ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ትመጣለች ይላሉ?» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«ደም አይደለች? ትመጣለች» አሉ ወይዘሮ አምሳለ። የሳጥኑን ዶሮ እያዩም «ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው? ሰው ሳይኖር ጠገብን» ብለው ክዳኑን መለሱት።

አሳንሰሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁለቱም ቀና ይሉ ነበር። እንዲህ ሆነው ሲጠብቁ ድንገት ሐይቁ ተመልሶ መጣ። ሙዚቃውም ከቆመበት ቀጠለ።

«እንኳን ደስ አለዎት!» አለች አስተናጋጇ። «ችግሩ ተፈትቷል።»

በጀልባው አጠገብ ሁለት ያጌጡ ወንበሮች ተቀምጠዋል። አንደኛው ላይ አንድ ሰው አለ። አቶ ወንድይፍራው መጀመሪያ አላወቁትም። ከዚያ ከረባቱን አዩ፤ የራሳቸው ከረባት ነው። ሰውዬው እሳቸው ነው፤ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ጥርሱ ያልጎደለ እሳቸው። ትንግርት ቬሎዋን ለብሳ፣ ከኖላዊ ጋር ሆና እያለቀሰች ወደ ሰውዬው መጣች። ጎንበስ አለች። ጉልበቱን ሳመች።

በዚያች ቅጽበት በአቶ ወንድይፍራው ጉልበት ላይ የታሰረው ቀበቶ ሞቀ።

«ይህ እርስዎ አይደሉም» አሉ ወይዘሮ አምሳለ ቀስ ብለው።

«አይደለሁም።»

«ከእርስዎ ይልቅ ደህና ተላጭቷል።»

ሰውዬው እጁን በትንግርት ራስ ላይ ጫነ። «ውለዱ፣ ክበዱ፣ ከዓይን ያውጣችሁ» አለ፤ ድምፁ የእሳቸው ነው፣ ሳሉ ብቻ የለም። ከሺህ ሳሎን «አሜን» መጣ። አቶ ወንድይፍራው ለወራት ሲያሰናዱት የከረሙት ምርቃት ይህ አልነበረም። ሰውዬው ያለው ማንም የሚለውን ነው። ልጅቷ ግን አለቀሰች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ቀበቶውን ሊፈቱት ጎንበስ አሉ፤ ገና ሞቃት ነበርና ተዉት።

«ማነው እምቢታውን ያነሣው?» ብለው ወደ ጣሪያው ጮኹ። «እኔ ፈቅጃለሁ?»

«ታዳሚው ከሚጠብቀው በላይ ስለቆየ፣ በውሉ መሠረት በእርስዎ ምትክ ምስልዎን እኛ አሟልተናል» አለች አስተናጋጇ። «ሙሽሪትም እንዳትጨነቅ መፍቀድዎ ተነግሯታል።»

«በአካል ካልሆነ አይነሣም አላልሽም?»

«ለቅን አስተያየትዎ እናመሰግናለን።»

ወደ ትንግርት ደወሉ። መስመሩ ሙሽሪት ሥነ ሥርዓት ላይ ናት እያለ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ጨፈረ። አቶ ወንድይፍራው በሕይወታቸው እስክስታ ወርደው አያውቁም፤ ትከሻቸው እንዲህ እንደሚሆን ያወቁት ያን ዕለት ነው። ሰዉ «አባትየው! አባትየው!» እያለ አጨበጨበ። እሳቸው ደግሞ የልጃቸውን ሰርግ በራሳቸው ሳሎን ውስጥ እንደ ባዕድ ተቀምጠው አዩ። ከሰው መሀል ብቸኛ መሆን የድሮ ነገር ነው፤ ከራስ ጎን ብቻውን የቀረ ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ አልነበረም። ወይዘሮ አምሳለ ባይነግሯቸው ይህን እንዳመኑ ይቀሩ ነበር።

«የኔው ልጅ ሲዳር እንቅልፍ ወሰደኝ» አሉ ወይዘሮ አምሳለ፣ ዓይናቸውን ከጨፋሪው ሳያነሡ። «ስነቃ እዚያ መሀል እየጨፈርኩ ነው። ልጄ እስከ ዛሬ 'እማዬ እንዴት ጨፈርሽ!' ይለኛል። እኔ ጉልበቴ ከታመመ ስንት ጊዜው!»

«አልነገሩትም?»

«ደስ ብሎታል ብዬ ተውኩት። አሁን በበዓል የሚጠራው ያችን ጨፋሪዋን ነው። እኔ ጉልበቴን እላለሁ፣ እሷ አታማርርም።» ወደ አቶ ወንድይፍራው ዞሩ። «ይነግሯታል?»

«በሰርጓ ቀን? ደስታዋን ላፈርሰው?»

«እንጃ። ዛሬ ዝም ካሉ ነገ ሲወልዱ ስም የሚያወጣው ይህ ሰውዬ ነው።»

ትንግርት አመሻሽ ላይ ደወለች። ድካም ስለተሰማት ምስል አልላከችም፤ ድምፅ ብቻ ነበር። ወይዘሮ አምሳለ ሊወጡ ሲነሡ አቶ ወንድይፍራው በእጃቸው «ይቀመጡ» አሏቸው።

«አባዬ፣ አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ። «እንዴት አስለቀስከኝ! ኖላዊም ደስ ብሎታል። ጭፈራህ ደግሞ!»

«እሰይ፣ ልጄ። እሰይ።» ይሁን፣ ይለፍ ብለው ሊዘጉት ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ? ያ ክልከላ ምን ነበር?»

አቶ ወንድይፍራው ነገሯት። ፍቼን፣ በሩን፣ ምሰሶ ያቀፈችውን እህት፣ ጓዳ ሆና «ጥቂት ይያዙልኝ» ያለችውን እናቷን ነገሯት። «እንዳትሄጂ የሚሳሳልሽ ሰው መኖሩን እንድታውቂ ነው» አሉ። «ሌላ አይደለም።»



«ታዲያ ለምን ቶሎ ፈቀድክ?» አለች ትንግርት። ድምፏ የትልቅ ሴት አልነበረም። «ወጥቼ ነበር እኮ። በቢጃማዬ ላይ ካፖርት ደርቤ ባቡር ጣቢያው ደርሼ ነበር። ዝናቡ አበስብሶኝ፣ የተሠራው ፀጉሬ ተበላሽቶ… 'አባትሽ ፈቅደዋል፣ ተመለሺ' አሉኝ። ተመለስኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ፤ ለምን እንደከፋኝ አልገባኝም ነበር። ጥቂት ብትይዘው ደርሼ ነበር፣ አባዬ።»

አቶ ወንድይፍራው ወይዘሮ አምሳለን አዩ። ወይዘሮ አምሳለ መሬት መሬት ያያሉ።

«ትንግርት» አሉ። «እኔ አልፈቀድኩም።»

«ምን?»

«በሩን ይዤ ነው የዋልኩት። አሁንም እንደተዘጋ ነው። ያ የመረቀሽ ሰው እኔ አይደለሁም፤ እነሱ የሠሩት ነው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሳንሰር ሳዳምጥ ነበር።»

ትንፋሿ ይሰማል። እንዳለቀሰች ገባቸው፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው አሉ።

«የማንን ጉልበት ነው የሳምኩት?»

«እንጃ ልጄ። ቀበቶው ግን እኔ ላይ ነበር። ሞቆኛል።»

እያለቀሰች ሳቀች። ከወዲያ በኩል የሐምሌ ዝናብ ጣሪያ ሲመታ ይሰማል፤ በእሳቸውም መስኮት ላይ ያው ዝናብ ነበር።

«ነገ መልስ አይደል?» አለች። መልስ የሰርጉ ማግስት ሙሽሮቹ ወደ ሙሽሪት ወላጆች የሚመለሱበት ቀን ነው፤ እሱም በምስል ተይዞ ነበር።

«ነው።»

«እንግዲያው በሩን እንዳትከፍት» አለችና ዘጋች።

ወይዘሮ አምሳለ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ነገ እኔ ከእርስዎ ወገን ነኝ» አሉ ከደጃፉ። «ለብቻዎ አይችሏቸውም፤ ሙሽራው ትከሻው ሰፊ ነው።» ወደ ቤታቸው ተሻገሩ።

«የነገው መልስ በሦስት ሰዓት ይጀምራል» አለች አስተናጋጇ። «በቤትዎ ላይ ያልተነሣ እምቢታ አለ። ይነሣ?»

«ይቆይ» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

መብራቱን አጠፉ፤ ከረባታቸውን ግን አላወለቁም። ዘነበች ምን ትል ነበር ብለው አሰቡ። ከዚያ ሄደው ጀርባቸውን በሩ ላይ አስደገፉ፤ እግራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ፤ እጃቸውን በመቃኖቹ ላይ ዘረጉ። ገና የሚገፋ አልነበረም። ልምምድ ነው።